ቴክሳስ ሆልደም፦ ደረጃውን በቃሌ ይዣለሁ፣ ማን እንዳሸነፈ ግን አሁንም ይምታታብኛል

አስ_ፍለጋ

ሰላም ለሁላችሁ። ፖከር ልማር ብዬ ተነሥቻለሁ፤ ብዙ ሰው የሚጀምረው በቴክሳስ ሆልደም ስለሆነ እኔም በእሱ ገባሁ። ለገንዘብ አይደለም፣ እርስ በርሳችን በቺፕስ (በገንዘብ ፈንታ በምንቆጥራቸው ክብ ፕላስቲኮች) ብቻ ነው የምንጫወተው። የእጆቹን ደረጃ ከአንድ ጥንድ እስከ ሮያል ፍላሽ በቃሌ ይዣለሁ። ጠረጴዛው ላይ ስቀመጥ ግን እሱ ብቻውን ምንም አልፈየደልኝም። መጀመሪያ አንዱ ይጀምራል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላው ይጀምራል። አንዱ «ቼክ» ሲል ማንም ምንም አይለውም፣ እኔ ስለው «አትችይም» እባላለሁ። ሁለት ሰዎች ሁለት ሁለት ጥንድ ይዘው ከተገናኙ ደግሞ ክርክር ነው። ቺፕሱ ያለቀበት ሰው እንዴት እስከ መጨረሻው እንደሚቆይም አልገባኝም። ከሥሩ ረጋ ብሎ የሚያስረዳኝ ካለ እግዜር ይስጠው።

ወንበር_ዘጠኝ

እንኳን ደህና መጣሽ። ከተራው ልጀምርልሽ፤ እሱ ከገባሽ ግማሹ አለቀ።

ጨዋታው በ52 ካርታ ነው፣ ጆከር የለውም። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ተደፍቶ ይታደላል፤ እነሱን የሚያያቸው ባለቤታቸው ብቻ ነው። መሃል ላይ ደግሞ አምስት ካርታ ለሁሉም በጋራ ይገለጣል፣ ግን በአንዴ አይደለም። መጀመሪያ ሦስቱ አንድ ላይ ይወጣሉ፣ ይህ ፍሎፕ ነው። ቀጥሎ አንድ፣ ተርን። በመጨረሻ አንድ፣ ሪቨር። ማስያዝ ያለው አራት ጊዜ ነው፦ ሁለቱ ካርታ እንደታደለ፣ ከፍሎፕ በኋላ፣ ከተርን በኋላ፣ ከሪቨር በኋላ።

አሁን ስድስት ሰው ክብ ሠርቶ ተቀምጧል እንበል። አንደኛው ፊት በተን አለች። በተን ማለት «የዚህ እጅ አዳይ ይህ ነው» የምትል ምልክት ናት፤ እጁ፣ ማለትም ከአንድ እደላ እስከ አሸናፊው ያለው ጨዋታ፣ ባለቀ ቁጥር ወደ ግራ አንድ ሰው ትሄዳለች። ከበተን በስተግራ ያለው ሁለተኛው ሰው ትንሹን ብላይንድ፣ ሦስተኛው ትልቁን ብላይንድ ያስቀምጣሉ። ካርታቸውን ሳያዩ፣ ተገደው። ትልቁ ብዙውን ጊዜ የትንሹ እጥፍ ነው፣ 5 እና 10 እንበለው።

ፍሎፕ ሳይወጣ መጀመሪያ የሚናገረው አራተኛው ሰው ነው። ቀጥሎ አምስት፣ ስድስት፣ አንድ፣ ሁለት፤ መጨረሻ ላይ ሦስተኛው፣ ትልቁን ብላይንድ ያስቀመጠው። ፍሎፕ ከወጣ በኋላ ግን ይገለበጣል፦ ከበተን በስተግራ ካሉት ውስጥ ካርታውን ያልጣለው የመጀመሪያው ሰው ይጀምራል፣ ባለ በተኑ መጨረሻ ይናገራል። እስከ ሪቨር ድረስ በዚሁ ይቀጥላል። «አንዴ አንዱ፣ አንዴ ሌላው» ያልሽው ይኸው ነው።

ስለ ቼክ፦ ቼክ ማለት «አላስይዝም፣ ግን አልወጣም» ነው። የሚቻለው የምትከፍይው ዕዳ ከሌለብሽ ብቻ ነው። ከፍሎፕ በፊት ትልቁ ብላይንድ ራሱ ዕዳ ነው፤ ስለዚህ ያኔ ቼክ ማለት የሚችለው፣ ማንም ካልጨመረበት፣ ትልቁን ብላይንድ ያስቀመጠው ሰው ብቻ ነው። «አትችይም» ያሉሽ በዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ዕዳ ካለብሽ ምርጫሽ ሦስት ነው፦ ትጥያለሽ፣ እኩል ትከፍያለሽ፣ ወይም ትጨምሪበታለሽ። ያልጣሉት ሁሉ እኩል ሲከፍሉ ዙሩ ይዘጋል። ሁሉም ጥለው አንድ ሰው ከቀረ ደግሞ እዚያው ያልቃል፤ መሃል ያለውን ይወስዳል፣ ካርታውን አሳይ ብሎ የሚያስገድደው የለም።

አዲስ_እጅ

ወንበር_ዘጠኝ ተባረክ። እኔ ግን ደረጃውንም ገና አልያዝኩትም፣ ለምን እንደዚያ እንደተደረደረም አላውቅም። ፍላሽ ስትሬትን ለምን ይበልጣል? ስትሬት ማግኘት ይከብዳል የሚመስለኝ እኔ ብቻ ነኝ?

ሒሳብ_አፍቃሪ

ብቻህን አይደለህም፣ ለብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። መልሱ በቁጥር ነው። ከ52 ካርታ 2,598,960 የተለያዩ ባለ አምስት ካርታ እጆች ይወጣሉ። ከእነዚህ ስትሬት፣ ማለትም አምስት ተከታታይ ቁጥር፣ 10,200 ነው። ፍላሽ፣ ማለትም ቁጥሩ ባይከታተልም አምስቱም አንድ ዓይነት ምልክት የሆኑበት፣ 5,108 ብቻ ነው። ብርቅ የሆነው ይበልጣል፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ከላይ ስንወርድ፦ ከአሥር እስከ አስ በአንድ ምልክት የተከታተለው ሮያል ፍላሽ 4 ብቻ ነው። ሌላው ስትሬት ፍላሽ 36። አራት አንድ ዓይነት 624። ሦስት አንድ ዓይነት ከጥንድ ጋር የሆነው ፉል ሃውስ 3,744። ከዚያ ፍላሽና ስትሬት። ሦስት አንድ ዓይነት 54,912፣ ሁለት ጥንድ 123,552፣ አንድ ጥንድ 1,098,240። ከእነዚህ አንዱንም ያልሠራ 1,302,540 ነው፤ እሱ በትልቁ ካርታው ይፎካከራል።

አንድ የሚገርም ነገር አለ። ይህ ቁጥር ለአምስት ካርታ ነው። በሆልደም ግን ከሰባት ካርታ ስለሚመረጥ ነገሩ ይለወጣል፦ እስከ ሪቨር ከሄድክ አንድ ጥንድ የምታገኘው ወደ 44 በመቶ ነው፣ ምንም ሳትሠራ የምትቀረው ግን ወደ 17 በመቶ ብቻ። ማለትም ባዶ እጅ ከጥንድም ከሁለት ጥንድም የበለጠ ብርቅ ነው! ቢሆንም ደረጃው እንደ አምስት ካርታው ቀርቷል። ለብርቅነቱ ብሎ ባዶ እጅን የሚሸልም ጨዋታ ማን ይጫወታል።

አስ በስትሬት ውስጥ ከላይም ከታችም ይገባል። አስ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ስትሬት ነው፣ ትንሹ ስትሬት። ኩዊን፣ ኪንግ፣ አስ፣ ሁለት፣ ሦስት ግን ምንም አይደለም፤ አስ ላይ ተሻግሮ አይዞርም።

አስ_ፍለጋ

ተራው ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። አሁን ወደ ክርክሩ ልምጣ። መሃል ላይ ኪንግ፣ ኪንግ፣ ሰባት፣ ሰባት፣ ሁለት ወጣ። እኔ ሁለት አራቶች ይዣለሁ። ሌላው አስ እና ዘጠኝ ይዟል፣ ከመሃሉ ጋር ምንም አልገጠመለትም። እኔ የኪንግ፣ የሰባት፣ የአራት ጥንድ አለኝ፤ እሱ ያለው መሃል ያለው ብቻ ነው። መሃል ያለውን ቺፕስ ግን እሱ ወሰደው። እንዴት ሆኖ?

ጥቁር_ስፔድ

ሦስት ጥንድ! ምነው እንዲህ ያለ ደረጃ በኖረልን።

ወንበር_ዘጠኝ

በትክክል ነው የወሰደው። የሆልደም ልቡ እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ፉክክሩ በሁለቱ ካርታሽ አይደለም፣ በሰባቱም አይደለም። ከሰባቱ በምትመርጪው ምርጥ አምስት ነው። ስድስተኛና ሰባተኛ ካርታ እንደሌሉ ይቆጠራሉ። ስለዚህ ካርታ ስትገልጪ «ምን ያዝኩ» አትበይ፣ «አምስቴ የትኞቹ ናቸው» በይ።

የአንቺ አምስት፦ ኪንግ፣ ኪንግ፣ ሰባት፣ ሰባት፣ አራት። ሁለተኛዋ አራት ቦታ አጣች። የእሱ አምስት፦ ኪንግ፣ ኪንግ፣ ሰባት፣ ሰባት፣ አስ። ሁለታችሁም ሁለት ጥንድ ናችሁ፣ ጥንዶቹም አንድ ናቸው፤ የሚለያችሁ አምስተኛው ካርታ ነው። እሱ ኪከር ይባላል። አስ ከአራት ይበልጣል፣ አለቀ። ከፍሎፕ በፊት አንቺ ትበልጪው ነበር፤ መሃሉ ሁለት ትልልቅ ጥንድ ሲሠራ ግን ያንቺ ጥንድ ዋጋ አጣ።

ሁለት ጥንድ ከሁለት ጥንድ ሲገናኝ መጀመሪያ የሚታየው ትልቁ ጥንድ ነው፣ እሱ እኩል ከሆነ ትንሹ፣ እሱም እኩል ከሆነ ኪከሩ። የኪንግና የሁለት ጥንድ የያዘ የኩዊንና የጃክ ጥንድ ከያዘ ሰው ይበልጣል። ድምር ብሎ ነገር የለም።

ሒሳብ_አፍቃሪ

የኪከርን ነገር በሁለት የተለያየ የመሃል ካርታ ላሳይሽ፣ አዲስ_እጅ አንተም ተከታተል። አንዱ አስና ዘጠኝ፣ ሌላው አስና አራት ይዘዋል።

መሃሉ አስ፣ ጃክ፣ ስምንት፣ አምስት፣ ሁለት ከሆነ፦ የመጀመሪያው አስ፣ አስ፣ ጃክ፣ ዘጠኝ፣ ስምንት ይላል። ሁለተኛው አስ፣ አስ፣ ጃክ፣ ስምንት፣ አምስት። ዘጠኝ ስምንትን ስለምትበልጥ የመጀመሪያው ወሰደ።

መሃሉ አስ፣ ኪንግ፣ ኩዊን፣ ጃክ፣ ስድስት ከሆነስ? ሁለቱም አስ፣ አስ፣ ኪንግ፣ ኩዊን፣ ጃክ ናቸው። ዘጠኟም አራቷም ወደ አምስቱ አልገቡም። እኩል ይካፈላሉ። ዘጠኝ የያዘው «የኔ ይበልጣል» ቢል ልክ አይደለም።

ጥቁር_ስፔድ

እኩል ሲሆኑማ ምልክቱ ይታያል እንጂ። ስፔድ ከልብ ይበልጣል፣ ልብ ከዳይመንድ፣ አበባ መጨረሻ። እኛ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምንጫወተው።

ወንበር_ዘጠኝ

በሌሎች የካርታ ጨዋታዎች ይኖራል፣ በሆልደም ግን አሸናፊ በምልክት አይለይም። አምስቱ በቁጥር እኩል ከሆኑ ይካፈላሉ። የምልክት ቅደም ተከተል የሚያገለግለው ለሌላ ነገር ነው፣ ለምሳሌ መጀመሪያ በተን ማን ጋ ትሁን ብለው ለእያንዳንዱ አንድ ካርታ ገልጠው ሁለት ሰው እኩል ቁጥር ሲያወጣ። ሲካፈሉ አንድ ቺፕ ቢተርፍ እንኳ ከበተን በስተግራ ቀድሞ ለሚገኘው ይሰጣል እንጂ ስፔድ ለያዘው አይሰጥም።

ጥቁር_ስፔድ

እሺ ይሁን። ሁለት ሰው ፍላሽ ሲሠራስ? አንዱ ሁለት ልብ ይዟል፣ ሌላው አንድ ብቻ። ሁለት የያዘው አይበልጥም?

ወንበር_ዘጠኝ

ስንት ያዝክ አይባልም። መሃል ላይ የልብ አስ፣ ጃክ፣ ስምንት፣ አራት ወጥቷል፣ አምስተኛው የአበባ ሁለት ነው። አንዱ የልብ ኩዊንና የልብ አሥር አለው። ሌላው የልብ ኪንግ ከሌላ እርባና ቢስ ካርታ ጋር። ባለ ኩዊኑ፦ አስ፣ ኩዊን፣ ጃክ፣ አሥር፣ ስምንት። ባለ ኪንጉ፦ አስ፣ ኪንግ፣ ጃክ፣ ስምንት፣ አራት። ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ታወዳድራለህ፤ አስ በአስ እኩል፣ ቀጥሎ ኪንግ በኩዊን። እዚያው ላይ ተቆረጠ። ባለ አንድ ልቡ ወሰደ።

ዳር_ተመልካች

ሁሉንም አነበብኩ። ይህን ሁሉ ሕግ ደርድራችሁ መጨረሻው ዕድል አይደል እንዴ? ጥሩ ካርታ የመጣለት ይወስዳል። ቁማር ቁማር ነው።

ሒሳብ_አፍቃሪ

በአንድ እጅ አዎ፣ ዕድል ያይላል። ብዙ እጅ ሲደራረብ ግን አይደለም። በ2017 የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የሠራው ሊብራተስ የተባለ ፕሮግራም ከአራት ታዋቂ ተጫዋቾች ጋር፣ ከእያንዳንዳቸው ጋር አንድ ለአንድ ሆኖ፣ 120,000 እጅ ተጫውቶ አሸንፏል። ፕሮግራሙ ካርታ መርጦ አልታደለለትም። በ2019 ደግሞ ፕሉሪበስ የተባለው ስድስት ሰው ባለበት ጠረጴዛ ላይ ባለሙያዎቹን በልጧል። ንጹሕ ዕድል ቢሆን ኖሮ የሚማርና የሚበልጥ ፕሮግራም አይሠራም ነበር።

ዳር_ተመልካች

ፕሮግራሙ ይማር፣ ሰው ግን ይከስራል። በ2003 በኢንተርኔት በጥቂት ዶላር ተወዳድሮ ላስ ቬጋስ ገብቶ 2.5 ሚሊዮን ዶላር የወሰደውን ሒሳብ ሠራተኛ፣ ክሪስ መኒሜከርን፣ ሁሉም ያወራለታል። በዚያው ውድድር ስለተሸነፉት ማን ያወራል? 839 ነበሩ፣ 838ቱ አላሸነፉም።

ወንበር_ዘጠኝ

እዚህ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ። ልጅቷ ግን ከመጀመሪያው በቺፕስ ብቻ ነው ብላለች። ሕጉን ማወቅ ገንዘብ አያስይዝም።

አስ_ፍለጋ

ክርክሩን ለሌላ ጊዜ ተዉትና ይልቅ የቺፕሱን ነገር ንገሩኝ። ኦል ኢን (ያለኝን ሁሉ አስይዣለሁ) ያለ ሰው ቺፕሱ ከሌሎቹ ካነሰ ምን ይሆናል? ካለው በላይ ካስያዙበት ይወጣል?

ወንበር_ዘጠኝ

አይወጣም። ጠረጴዛው ላይ ባለህ ብቻ ትጫወታለህ፤ እጅ እየተጫወታችሁ ከኪስ መጨመር የለም፣ ስላነሰህ መባረርም የለም። ያለህን አስቀምጠህ እስከ መጨረሻው ትቆያለህ። የምትወስደው ግን ከእያንዳንዱ ሰው አንተ ያስቀመጥከውን ያህል ብቻ ነው።

በቁጥር ይሻላል። አንደኛው 30፣ ሁለተኛው 80፣ ሦስተኛው 200 ቺፕስ አላቸው። ሦስቱም ኦል ኢን አሉ። መጀመሪያ ከሦስቱም 30፣ 30 ይወሰድና 90 ይሆናል፤ ይህ ዋናው ፖት (የሚፎካከሩበት የቺፕስ ክምር) ነው፣ ሦስቱም ይፎካከሩበታል። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ደግሞ ተጨማሪ 50፣ 50 ይወሰድና 100 የጎን ፖት ይሆናል፤ እሱን ሁለቱ ብቻ ይፎካከሩበታል። ሦስተኛው የቀረው 120 ማንም ሊከፍለው ስለማይችል ወዲያው ይመለስለታል።

ባለ 30ው ምርጥ እጅ ካለው 90ውን ይወስዳል፣ 100ውን ከቀሩት ሁለት የሚበልጠው። ባለ 80ው ከሁሉም ከበለጠ ሁለቱንም፣ 190 ይወስዳል። ቺፕሱን መሃል ላይ ቀላቅላችሁ ከከመራችሁት መለየት ስለማይቻል ጎን ለጎን ለያይታችሁ አስቀምጡት።

አዲስ_እጅ

ሲጨምሩስ ስንት ነው የሚጨመረው? እንደፈለግን?

ወንበር_ዘጠኝ

ኖ ሊሚት ከሆነ ከላይ ገደብ የለውም፣ ከታች ግን አለው፦ ጭማሪህ ቢያንስ ከአንተ በፊት የተጨመረውን ያህል መሆን አለበት። ትልቁ ብላይንድ 10 ነው። አንዱ ወደ 30 አደረሰው፣ የጨመረው 20 ነው። ቀጣዩ መጨመር ከፈለገ ቢያንስ ወደ 50 ያደርሰዋል፣ ወደ 40 አይችልም። ኦል ኢን ያለ ሰው ግን ያለው 42 ብቻ ቢሆን ያስቀምጣል። ያ እንደ ሙሉ ጭማሪ አይቆጠርም፤ መጀመሪያ 30 ያደረሰው ሰው 12 ጨምሮ መክፈል ወይም መጣል እንጂ፣ በመካከል ሌላ ሰው ካልጨመረ፣ እንደገና ማሳደግ አይፈቀድለትም። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ጋሽ_በዋዡ

ልጆች፣ ሕጉን ጥሩ አድርጋችሁ አስረድታችኋል። እኔ ስለ ጠረጴዛው ሥርዓት ትንሽ ልጨምር፤ ጠብ የሚነሣው ከደረጃ ይልቅ በዚህ ነው።

ተራህ ሳይደርስ አትናገር። «እጥላለሁ» ብለህ ቀድመህ ስትል ከአንተ በፊት ላለው ሰው ወሬ ሰጠኸው። በአፍህ ያልከው ይያዝብሃል፦ ተራህ ደርሶ «እጨምራለሁ» ካልክ ጨምር፣ ሐሳቤን ቀየርኩ አይሠራም። ቺፕስ ስታስቀምጥ ወይ መጠኑን በቃል ተናገር፣ ወይ በአንድ ጊዜ አስቀምጥ። ጥቂት አስቀምጦ የሰዎቹን ፊት አይቶ እንደገና መጨመር አይፈቀድም።

ካርታህን ጠብቅ። አሸንፈሃል ተብሎ ቺፕሱ ወደ አንተ እስኪገፋ ድረስ ከእጅህ አታውጣ። ተደፍቶ ከተጣለው ክምር ጋር ከተቀላቀለ አስም ቢሆን ሞተ። ግልጥ አድርገህ ካስቀመጥከው ግን አንተ ባታየውም ካርታው ራሱ ይናገራል፤ ፍላሽ ሠርተህ «ጥንድ ነው ያለኝ» ብትል እንኳ ፍላሹ ይቆጠርልሃል።

ደግሞም ከፍሎፕ፣ ከተርን፣ ከሪቨር በፊት ከላይ አንድ ካርታ ተደፍቶ ይጣላል። ያለምክንያት አይደለም። የላይኛዋ ካርታ ጀርባ ላይ ጭረት ወይም ምልክት ቢኖር፣ ሰዎች ሲያስይዙ እያዩዋት ነው የሚቆዩት። ያቺን ጥለህ ቀጣይዋን ስትገልጥ ያ ጥቅም ይቀራል።

አስ_ፍለጋ

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። የምትጣለዋ ካርታ ነገር ሁሌ ስትገርመኝ ነበር፣ ማንንም ብጠይቅ «ሕጉ ነው» ነበር የሚሉኝ። ሁለት ሰው ብቻ ስንሆንስ ብላይንዱን ማን ያስቀምጣል?

ጋሽ_በዋዡ

ሁለት ሰው ሲሆን በተን ያለችበት ሰው ራሱ ትንሹን ብላይንድ ያስቀምጣል፣ ሌላው ትልቁን። ከፍሎፕ በፊት ባለ በተኑ ቀድሞ ይናገራል፤ ከፍሎፕ በኋላ ግን መጨረሻ ይናገራል። ከሦስት ወደ ሁለት ስትወርዱ ይህ ይረሳል፣ ተጠንቀቂ።

ሒሳብ_አፍቃሪ

ሕጉን ለጨረሰ ሰው ጥቂት ቁጥር ልስጥ። ሁለት ካርታ በ1,326 መንገድ ሊታደልህ ይችላል። ሁለት አስ ከእነዚህ 6 ብቻ ነው፣ ከ221 አንዴ። ስለዚህ አስ እስኪመጣ ልጠብቅ የሚል ሰው ብላይንዱ ይጨርሰዋል። ትንሽ ጥንድ ይዘህ ፍሎፕ ላይ ሦስተኛውን የምታገኘው ከስምንት ተኩል ጊዜ አንዴ ገደማ ነው።

ፍሎፕ ላይ አራት ልብ ካለህ ፍላሽህን የሚሞሉ 9 ልቦች ቀርተዋል፤ ያላየሃቸው ካርታዎች 47 ናቸው። በተርን የመምጣት ዕድሉ 19 በመቶ ገደማ፣ እስከ ሪቨር ከጠበቅክ 35 በመቶ ገደማ። በጭንቅላት ለማስላት የሚያግዝህን ካርታ ብዛት ለአንድ ካርታ በ2፣ ለሁለት ካርታ በ4 አባዛ። 18 እና 36፣ ይቀራረባል።

ከዚያ ዋጋውን እይ። መሃል 100 አለ፣ አንዱ 50 አስያዘ። አንተ 50 ከፍለህ 150 ለመውሰድ ነው፤ ለመክፈል ቢያንስ 25 በመቶ ዕድል ያስፈልግሃል። ለቀጣይዋ አንዲት ካርታ ብቻ 19 ነው ያለህ። ሲሳካልህ በኋላ ተጨማሪ አስይዞ የሚከፍልህ ከሌለ መጣል ይሻላል።

ጥቁር_ስፔድ

ለጀማሪ ይህን ሁሉ? ገና ተራ እየተማረች ነው እኮ። እኔ ብሆን አንድ ነገር ብቻ ነው የምነግራት፦ አብዛኛውን እጅ ጣዪ፣ በተለይ ቀድመሽ የምትናገሪበት ወንበር ላይ ስትሆኚ። ባለ በተኑ የሁሉንም ውሳኔ ሰምቶ ነው የሚወስነው፤ አንቺ ቀድመሽ ስትናገሪ በጨለማ ነሽ።

ሒሳብ_አፍቃሪ

በዚህ ተስማማሁ፣ የአንተ ምክር ከኔ ቁጥር ይቀድማል። ስፔድ ከልብ ይበልጣል ማለቱን ብቻ ተው።

አስ_ፍለጋ

እስቲ ፈትኑኝ። መሃል ላይ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር፣ ምልክታቸው የተለያየ። አንዱ ሁለት አስ አለው፣ ሁለተኛው ጃክና ሁለት፣ ሦስተኛው ኩዊንና ጃክ። የኔ መልስ፦ ሁለት አስ የያዘው አሶቹ አይጠቅሙትም፣ መሃል ያለውን ስትሬት ነው የሚጫወተው፣ ከስድስት እስከ አሥር። ሁለተኛው ከሰባት እስከ ጃክ። ሦስተኛው ከስምንት እስከ ኩዊን። ሦስተኛው ይወስዳል።

ወንበር_ዘጠኝ

ትክክል። አምስቱን ነው የቆጠርሽው።

አዲስ_እጅ

እኔ አስ የያዘው ያሸንፋል ብዬ ነበር፣ መልሱን ሳላነብ። ሦስቱ ሲገልጡ ግን መጀመሪያ ማሳየት ያለበት ማን ነው? እኛ ጋ ሁሉም «አንተ ቅደም» እየተባባለ ይቆያል።

ጋሽ_በዋዡ

ሪቨር ላይ መጨረሻ ያስያዘው ወይም የጨመረው ሰው ቀድሞ ይገልጣል፤ እሱ ነው የተጠየቀው። ሪቨር ላይ ሁሉም ቼክ ካሉ ከበተን በስተግራ ካሉት የመጀመሪያው ይገልጥና በተራ ይቀጥላል። ከኋላው ያለው የተሸነፈ መሆኑን ካየ ሳያሳይ መጣል ይችላል። ያሸነፈ የመሰለው ሰው ግን ተራውን ሳይጠብቅ ቶሎ ቢገልጥ ማንም አይቀየመውም፣ እንዲያውም ጨዋታው ይፈጥናል።